ካርዱ ሳይሞከር አይገዛም

ትሩፋት ኮምፒውተሩ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ የሚሞትበትን ቀን ትጠብቅ ነበር። ባሏ ምትኩ ሥራውን ጨርሶ ካገር ከሚወጣ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ገዝቶ፣ በታክሲ አስጭኖ ጎፋ ድረስ ሲያመጣው ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል ገባ። እሷ ግን እጇን ሶኬቱ ላይ አድርጋ «እየሞቀ ነው፤ ቤቱን እንዳያነደው» ትል ነበር። እሳቱ ሳይነሣ ሲቀር ሌባ ጠበቀች። ሌባውም ሲዘገይባት፣ ይኼንን የሚገድለው አቧራ ነው ብላ ቆረጠችና ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን እንዳለበሰች ሁሉ ለኮምፒውተሩም በኪሮሽ ነጭ ዳንቴል ሠራችለት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ብርዱ ይጎዳዋል ብላ በዳንቴሉ ላይ ፎጣ ደረበችበት። ልጇ ውዳሴ ለሥራ ስትቀመጥ የስክሪኑን ፊት ብቻ ትገልጥና የሳጥኑን ልብስ እንዳለ ትተወዋለች። እናቷ እንዳትቀየማት ነው።

በሐምሌ 1991 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ውዳሴ ከክፍሏ «እማዬ፣ ጠፋ» ብላ ስትጠራት ትሩፋት ምኑ ብላ አልጠየቀችም።

«አውቄዋለሁ» አለች ከኩሽና እየወጣች።

ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሳጥን፣ ሲፒዩ የሚሉት፣ ይጮሃል፤ አንዴ ረዘም ያደርግና ከዚያ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ይደግማል። ውዳሴ አጥፍታ አበራችው። ያው ነው። ልጅቷ አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥቁሩን ስክሪን ትመለከት ነበር፤ ትሩፋትን ያስፈራትም ይኸው ዝምታዋ ነበር።

ውዳሴ ማትሪክ ተፈትና ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ካጣች ዓመት ሆኗታል። ያንን ዓመት እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ በዚያ አሮጌ ማሽን፣ ሥዕልና ጽሑፍ ማቀናበር ራሷን አስተማረች። መጀመሪያ የሰፈሩን የልደት ካርድ፣ ቀጥሎ የሠርግ ጥሪ ሠራች። ከሠርጉ ጥሪዎች አንዱ ንፋስ ስልክ ማተሚያ ቤት ካላቸው ከአቶ ክብረት እጅ ደረሰና አስጠሯት። «የ1992ን የቀን መቁጠሪያ ሽፋን ሥሪልኝ» አሏት። «ሰኞ ጠዋት አምጪው። ካማረኝ ያለኝ ክፍት የሥራ ቦታ ያንቺ ነው። ሰኞ ካልደረሰ ግን ሌላ የሚሠራልኝ ልጅ አለ፤ ማሽኔ ቆሞ አይጠብቅም።»

ሽፋኑ ከሞላ ጎደል አልቆ ነበር። የቀረው የአደይ አበባው ቀለም ነው። ያ አበባ አሁን ሳጥኑ ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሮበሌ መጣ። ሮበሌ የምትኩ ታናሽ ወንድም ነው፤ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። ምትኩ ለሥራ መስክ ስለወጣ ለቤቱ ችግር የሚጠራው እሱ ነው። ዳንቴሉንና ፎጣውን አነሣ፤ ሳጥኑን ፈታና ጎንበስ ብሎ እፍ አለበት። የክር ብናኝና አቧራ እንደ ዱቄት ቡን አለ።

«እትዬ» አለ እያስነጠሰው፣ «ይኼን ማሽን ማነው ጋቢ ያለበሰው?»

«ፎጣ ነው። ምነው?»

«ታፍኖ ነዋ የሞተው። ማሽን ብርድ አይመታውም፤ የሚገድለው ሙቀት ነው።» አንዲት ጠፍጣፋ አረንጓዴ ሰሌዳ ነቅሎ አወጣና አሸተታት። «ቪጂኤ ካርዱ ነው የተቃጠለው። ሥዕሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ የሠራሽውም አልጠፋም፣ ውዴ። ካርድ ብቻ መግዛት ነው።»

ትሩፋት ዳንቴሉን ከወንበሩ ላይ አንሥታ አጠፈችው። እሳት ጠብቃ ነበር፣ ሌባ ጠብቃ ነበር፤ ራሷን ግን አልጠበቀችም።

«እማዬ፣ ለነገሩ አሮጌ ነበር እኮ» አለች ውዳሴ።

«አሮጌስ እኔም ነኝ። ሰው ግን አላፈነኝም።»

ወደ መኝታ ቤት ገብታ የኩሽናውን ቆርቆሮ ለማስቀየር ያስቀመጠችውን ገንዘብ ይዛ ወጣች። ኩሽናው ያፈሳል። ያለፈውን ክረምት በባልዲ ነው ያሳለፈችው፤ ይኸኛውንም በባልዲ ታሳልፈዋለች።

«በቃ ስጪኝ» አለ ሮበሌ እጁን እያራገፈ። «ቄራ፣ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ሙሄ ጋ አዲስ ካርድ ገብቷል። ዋጋውም አይጎዳም። ምሳ ሳይደርስ ይዤው እመጣለሁ።»

«ሲፒዩውስ?»

«ሲፒዩው ምን ሆነ?»

«አብሮን አይሄድም?»

ሮበሌ ወደ ውዳሴ ዞሮ ሳቀ። «በዚህ ዝናብ? ይኼን የሚያህል ብረት ተሸክመን? እትዬ፣ የሚገዛው ካርድ ነው።»

«ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩን ቤት ትቶ ይሄዳል?»

«ካርድ ልክ የለውም፤ ካርድ ካርድ ነው።»

«አምፖልም አምፖል ነው» አለች ትሩፋት። «እኔ ግን ባለሱቁ ሰክቶ ሳያበራልኝ ገንዘቤን ሰጥቼ አላውቅም። አንተስ አምፖል ሳታስሞክር ገዝተህ ታውቃለህ?»

ሮበሌ አሰበ። «አላውቅም» አለ።

«ለአምፖል የተጠነቀቅነውን ለልጅቷ እንጀራ ልንተወው ነው? ተሸከም።»

ሲፒዩውን በላስቲክ ሸፈኑት፤ በላዩ ላይ ትሩፋት የምትኩን አሮጌ የዝናብ ልብስ አለበሰችውና በገመድ አሰሩት። ሮበሌ አቅፎት እየተንገዳገደ፣ ውዳሴ ጃንጥላ ይዛለት፣ ትሩፋት ከኋላ «እዚያ ጋ ጭቃ አለ፣ አደራ፣ ድንጋዩን ርገጥ» እያለች ታክሲ ተራ ደረሱ። የሚኒባሱ ወያላ ጥቅሉን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ማዘር፣ ሰው ከቄራ ሥጋ ይዞ ይመጣል እንጂ ወደ ቄራ ይዞ ይሄዳል እንዴ?»

«በሽተኛ ነው» አለች ትሩፋት። «ሐኪም ጋ ልንወስደው ነው።»

«በሽተኛም ቢሆን ወንበር ከያዘ ይከፍላል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሮበሌ ጆሮው ድረስ ቀላ። ትሩፋት የሳጥኑን ሒሳብ ከፈለችና እስከ ቄራ ድረስ እጇን ላዩ ላይ እንዳደረገች ተጓዘች።

የሙሄ ሱቅ ጠባብ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በካርቶን ተሞልቷል። ሙሄ ፊቱ የማይጠቁር፣ ሲናገር እጁን የሚያወዛውዝ ሰው ነበር። ከጀርባው በቀይ ቀለም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ትሩፋት ከሁሉ በፊት ያየችው እሱን ነው። አነበበችውና ቦርሳዋን በብብቷ ሥር አጠበቀች።

«መምህር ሮበሌ» አለ ሙሄ፣ «ያልኩህ ዕቃ ይኸውልህ።» ላዩ ላይ የእሳት ሥዕል ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ ካርቶን ባንኮኒው ላይ አቀረበ። «በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ካርድ ከተማውን ቢያስሱ አይገኝም።»

ሮበሌ ካርቶኑን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። እኛም ማሠልጠኛ ይኼንኑ ነው ያስገባነው። ክፈዪው፣ እትዬ።»

«ይሞከርልኝ» አለች ትሩፋት።

ሙሄ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ይኼ አምፖል አይደለም እኮ።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። አምፖል ቢሆን ኖሮ አንተ ራስህ ትሞክርልኝ ነበር።»

«ካርቶኑ ከተከፈተ ተሸጠ ማለት ነው። ማሸጊያው አንዴ ከተቀደደ ማን ይገዛኛል?»

«እንግዲያው ያንተ አይከፈት፤ የኛ ይከፈት» ብላ ገመዱን መፍታት ጀመረች።

ሙሄ ወደ ሮበሌ አየ፤ ሮበሌ ወደ ጣሪያው አየ። ሌላ ገዢ ስላልነበረና ዝናቡም ስለከበደ ሙሄ ሳቀና እጁን ዘረጋ። «ይሁን፣ ለእናቴ ስል። ለማሳያ የፈታሁት አንድ አለ፤ አንድ ዓይነት ነው። እሱን ግጠሙት።»

ሮበሌ ሳጥኑን ፈታ። የማሳያውን ካርድ ይዞ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። ካርዱን አዙሮ ሞከረ።

«ምን ሆነ?» አለች ውዳሴ።

«አይገባም።»

«ጠብቆ ነው?»

«ቦታ የለውም።» ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ይኼ አዲሱ ዓይነት ነው፤ ቡናማ መሰኪያ ይፈልጋል። የኛዎቹ የማሠልጠኛ ማሽኖች ሁሉ ቡናማ አላቸው። ይኸኛው ያለው ነጭ ብቻ ነው። አሮጌ መሆኑን ረሳሁት። ጠዋት ካርዱን ስነቅል አቧራውን አየሁ እንጂ መሰኪያውን አላየሁም።»

ትሩፋት ቀና ብላ በቀይ የተጻፈውን ሰሌዳ አየች። ከዚያ ሮበሌን አየችው። ልትናገር የምትችለው ብዙ ነበር። «ዳንቴሉን ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለች፤ «አንተ ምን አደረግህ?» ይኼኔ ሮበሌ ሳይወድ ሳቀ።

«ታዲያ ለነጩ የሚሆን የለህም?» አለችው ሙሄን።

«አዲስ የለም፤ አሁን የሚያስመጣውም የለም።» ሙሄ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «ከአሮጌ ማሽን የነቀልኳቸው ግን አሉ። ይሥሩ አይሥሩ አላውቅም፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ ልጥላቸው ነበር።» ከባንኮኒው ሥር አንድ የብስኩት ካርቶን ጎትቶ አወጣ። ውስጡ ሽቦ፣ የተሰበረ ማውስ፣ አቧራ የጠጣ ነገር ሁሉ ተደባልቋል። ሮበሌ ሲበረብር ቆይቶ ለነጩ መሰኪያ የሚሆኑ ሦስት ካርዶች አገኘ።

ትሩፋት ሦስቱንም አየቻቸውና ሦስቱም እንደማይሠሩ አመነች። «በሉ ሞክሩ» አለች።

ሙሄ ስክሪን አቀረበ። የመጀመሪያው ካርድ ሲገባ ሳጥኑ እንደ ትናንቱ ጮኸ። ነቀሉት። ሁለተኛው ሲገባ አልጮኸም፤ ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ፊደሎች እየተግተለተሉ ወረዱ። ውዳሴ ትንፋሿን ለቀቀች። ሮበሌ ሙሄን ትከሻውን መታው።

«ተገላገልን» አለ ሙሄ። «እንጠቅልልዎ?»

«ሥዕሉን ልየው» አለች ትሩፋት።

«እናቴ፣ በራ እኮ።»

«አምፖልም ይበራና ያርገበግባል። ውዳሴ፣ ሥዕሉን ክፈቺው።»

ውዳሴ ተቀመጠችና ከፈተችው። ሥዕሉ መጣ። ኮረብታው አለ፣ ሰማዩም አለ። አበባው ጋ ግን ቢጫው ቢጫ አልሆነም፤ ጭቃ የተረጨበት ይመስል ነጠብጣብ ሆነ። ሮበሌ ከሙሄ ፍሎፒ ዲስክ ተቀብሎ ካርዱን የሚያስተዋውቀውን ፕሮግራም ጫነበት፤ ቀለሙን ሊያበዛ ሞከረ፤ ደጋግሞ ሞከረ። «ሜሞሪው ትንሽ ነው፤ ከዚህ በላይ ቀለም አይችልም» አለ በመጨረሻ። «ለጽሑፍ ይሆናል።»

«በዚህ ቀለም መሙላት አልችልም» አለች ውዳሴ ቀስ ብላ። «ምን እንደምቀባ አላየውም።»

ሦስተኛው ካርድ ከሁሉም ያንስ ነበር። ላዩ ላይ የነበረው ወረቀት ተልጦ ስሙ እንኳ አይነበብም። ሮበሌ በሸሚዙ ጫፍ ጠራርጎ ሰካውና ማብሪያውን ተጫነ። ፊደሎቹ ብቅ አሉ። ልክ ያኔ ደጅ ነጎድጓድ ፈነዳ፤ የሱቁ መብራት፣ ስክሪኑ፣ ሁሉም በአንዴ ድርግም አለ።

«እኔ መቼም» አለች ትሩፋት በጨለማው ውስጥ፣ «ከቤት ስወጣ ይኼንን ሳላስበው መቅረቴ ነው የሚገርመኝ።»

ሙሄ ሳቀ። «መብራት ዛሬ ላይመጣ ይችላል፣ እናቴ። ፊደሉን አይተዋል፤ ይሠራል። ይዘውት ይሂዱ፤ እኔም ምሳዬን ልብላ።»

«ሁለተኛውም ፊደሉን አሳይቶ ነበር።»

«እትዬ፣ ብንሄድስ?» አለ ሮበሌ። «ካልሠራ እኔ አለሁ።»

«ሰኞ ጠዋት አንተ ሥዕል ሆነህ አቶ ክብረት ፊት ትቀርባለህ?» ትሩፋት አንድ ባዶ ካርቶን ገለበጠችና ተቀመጠችበት። «መብራቱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ምሳህን ብላ ልጄ፤ ሱቅህን እንጠብቅልሃለን።»

ሙሄ አልሄደም። ዳቦና ሻይ አስመጥቶ ለሁሉም አካፈለ። ከጎኑ የጫማ ሱቅ ያለው በንቲ የሚባል ሰው ከዝናቡ ሊጠለል ገባና ምን እንደሚጠበቅ ጠየቀ። ነገሩት። «እንዴ፣ ልጅቷ ቀን መቁጠሪያ ትሠራለች?» አለና እሱም ቆመ። ትሩፋት ዳቦውን ሳትበላ በእጇ ይዛዋለች። ካርዱ መብራቱ ሲጠፋ ተቃጥሎ ይሆናል። የውዳሴ ሥራም አብሮ ጠፍቶ ይሆናል። እሑድ ሱቁ ዝግ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ያ ሌላው ልጅ። ልጅቷ እንደገና እንዳምናው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ ምክንያቱ ደግሞ ዳንቴል ነው።

ዝናቡ ቀጥ ብሎ እንደቆመ መብራቱ መጣ።

ሮበሌ ማብሪያውን ተጫነ። ፊደሎቹ ወረዱ። ፍሎፒውን አስገባ፤ ጠበቁ። ውዳሴ ሥዕሏን ከፈተች። መጀመሪያ ሰማዩ መጣ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እየፈዘዘ ከሚሄድ ሰማያዊ ጋር። ከዚያ ኮረብታው። ከዚያ ሜዳው ላይ ውዳሴ ዓርብ ዕለት ቀብታ ያልጨረሰቻቸው አደይ አበቦች አንድ በአንድ ወጡ፤ ቢጫ፣ ልክ መስከረም ላይ እንደሚታየው ቢጫ፤ መሃላቸው ጠቆር ያለ፣ ጫፋቸው የፈካ። ጨለም ያለው ሱቅ ራሱ የበራ መሰለ።

«ወይ ጉድ» አለ በንቲ። «ይኼ የጎፋ ሜዳ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለች ውዳሴ። ከዓርብ ጀምሮ ጥርሷ ሲታይ ይኸ የመጀመሪያው ነበር።

ሮበሌ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ «ከመጣያው» አለ፣ «ከመጣያው ውስጥ እኮ ነው ያወጣነው።» ሙሄ ከባንኮኒው ወጥቶ አጠገባቸው ቆሞ ሲያይ ቆየ፤ ካርዱ የራሱ መሆኑን የረሳ ይመስል ነበር። ትሩፋት ግን አበባውን እያየች ዳቦዋን መብላት ጀመረች። ርቧት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የታወቃት።

«ስንት ነው?» አለች ስትጨርስ።

«ለእሱ እንኳ ዋጋ አላወጣሁለትም።»

«እንግዲያው እኔ ላውጣለት።»

ሙሄ ተከራከረ፤ ትሩፋትም ሊጥለው እንደነበር ከራሱ አፍ መስማቷን አስታወሰችው። በንቲ ሽማግሌ ሆነ። ተስማሙና ከቆርቆሮው ገንዘብ የሚበልጠው እጅ ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ። ሊወጡ ሲሉ ሙሄ ቀዩን ሰሌዳ አመለከታትና «እናቴ፣ ለእርስዎ ይመለሳል» አላት።

«አይመለስም» አለች ትሩፋት። «ተሞክሯል።»

ሲመለሱ ያው ወያላ ደረሰባቸው። «ማዘር፣ ቄራ አልቀበለውም አለ?»

«ድኖ ነው» አለች፤ የሳጥኑንም ሒሳብ ሳትጠየቅ ከፈለች።

ውዳሴ ሽፋኑን እሑድ ከሰዓት ጨረሰች። ሳጥኑ ዕርቃኑን ነበር፤ ትሩፋት በየመሃሉ እየመጣች እንደታመመ ልጅ ግንባር በእጇ ጀርባ ትነካዋለች። ሥራው በአንድ ፍሎፒ ሲገለበጥ አይበቃም አለች። ሦስት አስገለበጠች፤ አንዱ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ ውዳሴ ጉያ፣ አንዱ እሷው ዘንድ። ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ በር ድረስ ተከትላት ሄደች። «አንዱ ባይከፈት ሌላውን፤ እሱም ካልሆነ እኔ እዚህ ቆሜያለሁ» አለቻት።

የመጀመሪያው ፍሎፒ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። ትሩፋት ሁለቱን በከንቱ በማስገልበጧ ትንሽ ቅር ሳይላት አልቀረም። አቶ ክብረት ሥዕሉን አይተው ብዙ አልተናገሩም። ሠራተኛቸውን ጠርተው «ይኼን ቢጫ እንደዚሁ አድርጋችሁ ታወጡታላችሁ፤ እንዳታበላሹባት» አሉ። ከዚያ ወደ ውዳሴ ዞረው ነገ ስንት ሰዓት እንደምትገባ ነገሯት። ልጅቷ ከበሩ ስትወጣ እየሮጠች ነበር፤ ትሩፋት ከሩቁ አይታ፣ አሳደዷት ብላ ደነገጠች፤ ደግነቱ ፊቷን አየችው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የኩሽናዋ አምፖል ተቃጠለ። ቆርቆሮው ግን አዲስ ነው፤ ባልዲው ወደ ጓሮ ወጥቷል። ትሩፋት ሰፈር ሱቅ ሄደች። «አምፖል ስጠኝ፤ ሞክርልኝ» አለች። ባለሱቁ አምፖሉን መሞከሪያው ላይ ሲሰካው ብርሃኑ ከኋላው ግድግዳ ላይ አረፈ። ግድግዳው ላይ አዲሱ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ የጎፋ ሜዳ፣ ሙሉ አደይ አበባ።

«ያምራል፣ አይደል?» አለ ባለሱቁ ዓይኗን ተከትሎ። «የማን ሥራ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች ትሩፋት። ቀረብ ብላ ጫፉን ነካ አደረገችው። «ሚስማሩ ላልቷል፤ ወድቆ እንዳይቀደድ አጥብቀው። እስክትመታው ድረስ እዚሁ ቆሜያለሁ።»